የድሮ የጃፓን ጌም እንዴት ይታያል? ክሮኖ ትሪገርን ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ያልከኝን የድሮ የጃፓን ጌም አወረድኩት። አንድ ሰዓት ተጫወትኩት፣ ሰለቸኝ። ምኑን ነው የምትወዱት?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ይሄን አዘጋጀሁ።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው አጨዋወቱ ላይ ነው። ዛሬ የለመድናቸው ጌሞች ወዴት እንደምንሄድ በቀስት ያሳዩናል፣ ንግግሩን እየዘለልን እናልፋለን። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የጃፓን አርፒጂዎች (ገጸ ባህሪ ይዛችሁ ረጅም ታሪክ የምትጫወቱባቸው ጌሞች) ግን የሚያስተምሩት ሳይናገሩ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ደወል፣ አንድ የተዘጋ በር ሥራ አለው። ካልተጠነቀቃችሁ ሥራውን ሳታዩት ታልፋላችሁ።

ለመለማመጃ የመረጥኩት ክሮኖ ትሪገርን ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ያወጣው ጌም ነው። የፋይናል ፋንታሲው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የድራጎን ኩዌስቱ ዩጂ ሆሪ እና የድራጎን ቦሉ ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ አንድ ላይ ሠርተውበታል። የዋናውን ልጅ፣ የክሮኖን፣ ፀጉር ስታዩ «ይሄንን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት አጭር መሆኑ ነው። የዚህ ዓይነት ጌም 50 እና 60 ሰዓት መውሰዱ የተለመደ ነው፣ ይሄ ግን በ20 እና 25 ሰዓት ያልቃል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ጌሙ። በአንድሮይድ፣ በአይፎን እና በስቲም (የኮምፒውተር ጌም መደብር) ይሸጣል። ክፍያው ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ስለሆነ እሱን አስቀድማችሁ ጨርሱ።
- ኢርፎን። የስልኩ ስፒከር አይበቃም።
- ደብተርና እስክሪብቶ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል፣ ግን ጌሙ ያለው ስልኩ ላይ ከሆነ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ያሰለቻችኋል።
- ጆይስቲክ፣ ካላችሁ። ያለሱም ይቻላል።
- የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ጌሙ በአማርኛ የለም።
- በአንድ ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል። ታክሲ ሰልፍ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ እየቆራረጣችሁ ከተጫወታችሁት ይሄ መመሪያ አይሠራም።

1. ቅጂውን ምረጡ

እንግሊዝኛው እንዳይከብዳችሁ የስልኩን ወይም የስቲሙን ቅጂ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ፍሮግ የሚባለው እንቁራሪት ባላባት በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። ያስቃል፣ ግን ትምህርት ቤት የተማራችሁት እንግሊዝኛ አያወጣችሁም። በአዲሱ ትርጉም እንደ ሰው ያወራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን የፕሌይስቴሽን ቅጂ ግን ተዉት። ውጊያ ሲጀመርና ሜኑ ሲከፈት በትንሽ በትንሹ ያስጠብቃል። የዚህ ጌም ግማሽ ጥበቡ ያለማቋረጥ መፍሰሱ ነውና፣ ልታዩት የመጣችሁትን ነገር ያ ጥበቃ ያበላሽባችኋል።

2. ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉት

አንደኛው «ያየሁት»፣ ሁለተኛው «ያደረግሁት»፣ ሦስተኛው «ተመልሶ የመጣው» ይሁን። ሦስተኛውን ለጊዜው ባዶ ተዉት። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሁለቱን ብቻ ነው የምትሞሉት።

ለምን? ይሄ ጌም ነገር ይዘራና ብዙ ቆይቶ ያጭዳል። ሲዘራ ካልጻፋችሁ ሲያጭድ «ደስ ይላል» ብላችሁ ታልፋላችሁ እንጂ እንዴት እንደተሠራ አታዩም።

3. ሲጠይቃችሁ «ዌይት»ን ምረጡ

መጀመሪያ ላይ ውጊያው «አክቲቭ» ወይስ «ዌይት» ይሁን ብሎ ይጠይቃል። «ዌይት» ካላችሁ የችሎታ ወይም የዕቃ ዝርዝር ከፍታችሁ ስትመርጡ ጊዜው ይቆምላችኋል። «አክቲቭ» ካላችሁ ግን እናንተ ስታነቡ ጠላት ይመታችኋል። ፈጣን መሆናችሁን ለማንም ማሳየት የለባችሁም። ለማየት ነው የመጣችሁት።

4. ባዛሩ ላይ ጊዜ አጥፉ

ይሄ ደረጃ ረጅም ነው፣ አትዝለሉት።

ጌሙ የሚጀምረው እናት ልጇን ስትቀሰቅስ ነው። መጋረጃውን ትገልጣለች፣ ደወል ይሰማል። ዓመቱ 1000 ነው፣ መንግሥቱ ሺኛ ዓመቱን እያከበረ ነው፣ ከተማው ውስጥ ባዛር አለ። (የጌሙን ዓመታት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር አትድከሙ፣ ይደበላለቅባችኋል።)

መጀመሪያ ታች ወርዳችሁ እናትየውን አነጋግሩ። የኪስ ገንዘብ ትሰጣችኋለች። ልብ በሉ፦ «ሰው አነጋግር፣ ይጠቅምሃል» የሚል ጽሑፍ አልወጣም። እናት ለልጇ የባዛር ገንዘብ ሰጠች፣ በቃ። እናንተ ግን ትምህርቱን ወስዳችኋል፣ ከአሁን በኋላ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ታናግራላችሁ።

ይሄ የዩጂ ሆሪ የቆየ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራው የመጀመሪያው ድራጎን ኩዌስት የሚጀምረው በተቆለፈ የንጉሥ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለመውጣት ንጉሡን ማነጋገር፣ ሣጥን ከፍቶ ቁልፍ ማግኘት፣ በሩን መክፈት፣ ከዚያ ደረጃውን መውረድ አለባችሁ። ያኔ እያንዳንዱ ተግባር የራሱ ትእዛዝ ነበረው። ብዙ ልጆች እንዲህ ዓይነት ጌም አይተው አያውቁም። ከክፍሉ ሲወጡ ግን ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች ተጠቅመው ጨርሰዋል። ውጭ ወጥተው ትንሽ ራመድ ሲሉ ደግሞ ከውኃው ማዶ የመጨረሻው ጠላት ቤተ መንግሥት ይታያቸዋል። መድረሻው ከመጀመሪያው ፊታቸው ላይ ነው፣ የሌለው መሻገሪያው ነው።

ወደ ባዛሩ እንመለስ። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ከመግባታችሁ በፊት፣ የዓለም ካርታው ላይ ሳላችሁ ሴቭ አድርጉ። ይሄንን ሴቭ ለብቻው አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ እሱን ሳትደርቡበት በሌላ የሴቭ መስመር ላይ ነው ሴቭ የምታደርጉት። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ለ) ሁሉንም ጨዋታ ሞክሩ። የሩጫ ውርርድ አለ፣ የመጠጥ ውድድር አለ፣ እየዘፈነ የሚዋጋ ጋቶ የሚባል ሮቦት አለ። ጋቶን ስታሸንፉ 15 «ሲልቨር ፖይንት» ይሰጣችኋል። ለጨዋታ የተቀመጠ ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያ የውጊያ ልምምዳችሁ እሱ ነው። እዚህ መሸነፍ አያስፈራም፣ ሽልማቱም የባዛር ነጥብ ነው።

ሐ) ከደወሉ አጠገብ ከአንዲት ልጅ ጋር ትጋጫላችሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምታደርጉትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፉ። «ትክክለኛውን» ለመምረጥ አትጨነቁ፣ ደስ ያላችሁን አድርጉ። ብቻ ጻፉ።

መ) ልጅቷ አብራችሁ ስትዞር አታጣድፏት። አንድ ቦታ ቆም ካለች ቁሙላት።

እዚህ ጋ ንባቡን አቁሙ። የምሬን ነው። በጊዜ ጉዞ ወደ 600ኛው ዓመት ሄዳችሁ፣ ተመልሳችሁ፣ ልጅቷን ቤቷ እስክታደርሱ ድረስ ተጫወቱ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። እዚያ የሚሆነውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ተመለሱ። አሁን ከቀጠላችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

5. ከችሎቱ በኋላ ደብተሩን ክፈቱ

ተከሰሳችሁ አይደል? የዚያን ሽማግሌ ምሳ በልታችሁ ከነበረ ምስክር መጥቶባችኋል። ድመቷን ለሕፃኗ መልሳችሁ ከነበረ ደግሞ ሕፃኗ መጥታ መስክራላችኋለች። ከግጭቱ በኋላ ቀድማችሁ ያነሳችሁት ሐብሉን ነው ወይስ ልጅቷን ነው ያነጋገራችሁት? እሱም ተመዝግቧል። ሐብሉን ልትሸጡ ሞክራችሁ ከነበረማ ጉድ ፈልቷል።

ሦስተኛውን ዓምድ አሁን መሙላት ጀምሩ። ከዚያ ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ጌሙ ሲመዘግባችሁ ድምፅ አላሰማም። «ይህ ምርጫ ይታወሳል» የሚል መልእክት አልወጣም። ምሳውን የበላችሁት ብዙ ጌም ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር የተጫዋቹ ስለሆነ ነው። ሠሪዎቹ ይሄን ልማዳችሁን ያውቁ ነበር። የጠመዱት ወጥመድ ከልማዳችሁ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። በደረጃ 4 ያስቀመጣችሁትን ሴቭ ክፈቱና ሁሉንም በተቃራኒው አድርጉ። ክርክሩ ይለወጣል፣ የዳኞቹ ድምፅ ይለወጣል። መጨረሻው ግን? ነፃ ብትባሉም ወህኒ ትወርዳላችሁ፣ ጥፋተኛ ብትባሉም ወህኒ ትወርዳላችሁ። ታሪኩ ሁለት ቦታ አልተከፈለም። ለሠሪው የፈጀበት ጥቂት የአዎና የአይደለም መዝገብና ጥቂት ንግግር ነው፣ ለተጫዋቹ ግን ሕይወቱ የተመረመረ ያህል ይሰማዋል። ካርትሪጁ በሙሉ 4 ሜጋባይት ነበር፣ ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ ያህል። እንዲህ ዓይነት ቁጠባ ባይኖር አይገባም ነበር።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «እና ምርጫው ውሸት ነው ማለት ነው?» ይላል። ውሸት ከሆነ ችሎቱ ላይ ለምን አፈራችሁ?

6. ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት እስከ ሦስት ቁጠሩ

በዚያ ዘመን በአብዛኛዎቹ አርፒጂዎች ጠላት አይታይም። ስትራመዱ ድንገት ስክሪኑ ብልጭ ይልና ሌላ የውጊያ ስክሪን ይከፈታል። እዚህ ግን አብዛኞቹን ጠላቶች ከሩቅ ታዩአቸዋላችሁ። በ600ኛው ዓመት፣ ተራራ ላይ እርስ በርስ ሲጫወቱ የምታገኟቸው አሉ። አንዳንዶቹን ዞራችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ውጊያው የሚጀመረውም የቆማችሁበት መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ቦታ ዋጋ አለው። ልምምዱ ይሄ ነው፦ ተራችሁ ሲደርስ ወዲያው አትምቱ። እስከ ሦስት ቁጠሩና ጠላቶቹ ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ እዩ። የክሮኖ የመሽከርከር ምት ዙሪያውን ያለውን ይመታል፣ ስለዚህ ሁለት ጠላቶች እስኪቀራረቡ ጠብቁ። የጓደኛው የሉካ የእሳት ምት በቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ ሦስቱ ሲሰለፉ ልቀቁት። ሁለት ጓደኛሞች ተራቸው አንድ ላይ ከሞላ ደግሞ በጋራ የሚመቱበት ችሎታ ይከፈታል። ለዚያ ግን አንደኛው ተራውን ሳይጠቀም ሌላውን መጠበቅ አለበት። አሁን ልምታ ወይስ ልጠብቅ? የውጊያው ጣዕም ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ተራው እንደ ሰዓት እየሞላ የሚመጣበትን ዘዴ የፈለሰፈው ሂሮዩኪ ኢቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለወጣው አራተኛው ፋይናል ፋንታሲ። ክሮኖ ትሪገር የጨመረው መሬቱን ነው።

ከወህኒ ስታመልጡ የምትገጥሙት ማሽን ጥሩ ፈተና ነው። ክፍሎች አሉት፣ አንዱ ክፍል ሌሎቹን ያክማል። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ጌሙም አይነግራችሁም። ዝም ብላችሁ ትልቁን አካል ከደበደባችሁ ግን ደሙ እየተመለሰ ያበሽቃችኋል።

7. 2300 ስትደርሱ ቁሙ

ዓለም የፈራረሰችበት ዘመን ነው። ኢርፎኑን አድርጉና ሳትንቀሳቀሱ ሁለት ደቂቃ አዳምጡ። ከባዛሩ ሙዚቃ ጋር አወዳድሩት። ስንት መሣሪያ ቀረ? ሱፐር ፋሚኮም በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ስምንት ድምፅ ብቻ ነው፣ ለድምፅ ያለው ሜሞሪም 64 ኪሎባይት ነው። ያሱኖሪ ሚትሱዳ አብዛኛውን ሙዚቃ የጻፈው በዚያ ጥበት ውስጥ ነው። ሲታመም ኖቡኦ ኡኤማትሱ ገብቶ አግዞታል። ከዚህ በኋላ አንድ ዜማ ሌላ ቦታ ተመልሶ ስትሰሙ በሦስተኛው ዓምድ መዝግቡ። የፍሮግ ዜማ መቼ በሙሉ ኃይሉ እንደሚመጣ በተለይ ጠብቁ።

ከዚያ እዚያ ያለውን የእንቅልፍ ማሽን ተጠቀሙ። በማንኛውም አርፒጂ አልጋ ላይ ስትተኙ ጤናችሁ ይሞላል፣ ይሄን ማንም ያውቃል። እዚህም ይሞላል። ግን ወዲያው አንድ መስመር ይወጣል፦ ረሃባችሁ ግን አልጠፋም።

በዚህ ጌም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አሳይ ብባል ይሄን መስመር ነው የማሳየው። ሌላ ሠሪ ቢሆን የዚያን ዘመን ሰዎች መከራ በረጅም ንግግር ያስረዳን ነበር። እነዚህ የለመድነውን ሕግ ወስደው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት። ሰዎቹ በዚያ ማሽን እየኖሩ እንደሚራቡ ገባን። ዓምድ አንድ ላይ ጻፉት፣ አስምሩበትም።

8. ዘመናቱን በአንድ ገጽ ሣሉ

ዘመናቱ ሲበዙ በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው፦ 65,000,000 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ 12,000 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ 600፣ 1000፣ 1999፣ 2300። ካርታው በየዘመኑ ተመሳሳይ ቦታዎች አሉት። አንድ ቦታ ላይ ያደረጋችሁትን በቀኝ ካለው ዘመን ጋር በመስመር አገናኙ።

የታሸጉ ሣጥኖችን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። መክፈት የምትችሉበት ጊዜ ሲደርስ በ600 ያለውን ሣጥን ንኩት፣ ውስጡ ያለውን ግን አትውሰዱ። ወደ 1000 ሂዱና ያንኑ ሣጥን ክፈቱ፣ ዕቃው ተሻሽሎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወደ 600 ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት አይሠራም፣ በ600 የተወሰደ ዕቃ 1000 ላይ አይጠብቃችሁም። «ጊዜ» የሚለው ሐሳብ በእጅ የሚያዝ ነገር የሆነው እዚህ ነው።

በፖሬ ከተማ፣ በ600፣ የደረቀ ሥጋ የምትፈልግ ሴት ታገኛላችሁ። በደህና ዋጋ ልትገዛችሁ ትጠይቃለች። በነፃ መስጠትም ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ስጫወት ሸጥኩላት፣ ምክንያቱም ሥጋውን የገዛሁት በውድ ነበር። ከ400 ዓመት በኋላ ዘሯ እንዴት እንደተቀበለኝ እናንተው እዩት።

ማስጠንቀቂያ። ጌሙ መሃል ላይ፣ የ12,000ው ምዕራፍ ሲያልቅ፣ አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል። «ተሳስቼ ነው?» ብላችሁ ወደ ኢንተርኔት አትሩጡ። ሴቩንም መልሳችሁ አትክፈቱ። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ኢሙሌተር (የድሮ ማጫወቻን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ማፍጠን። ሠሪዎቹ ያስቀመጡት ዝምታ ሁሉ ይጠፋል። የአንድ ገጸ ባህሪ ራስ መነቅነቅና ዞር ማለት ትወናው ነው፣ ፊት የማይታይበት ጌም ነውና።
- ሌቭል ለመጨመር አንድ ቦታ ላይ መመላለስ። አያስፈልግም። በመንገዳችሁ ያሉትን ከተዋጋችሁ ይበቃል፣ ቡድኑ ውስጥ ያላስገባችኋቸውም ልምድ ያገኛሉ። ቦስ (ትልቁ ጠላት) ከከበዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ማስተዋል ነው።
- የመፍትሔ መመሪያ ከጎን ከፍቶ መጫወት። ከተጣበቃችሁ መጀመሪያ የከተማውን ሰዎች እንደገና አነጋግሩ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአንዳቸው አፍ ይወጣል።
- «ክሮኖ ለምን አይናገርም?» ብሎ መበሳጨት። ሌሎቹ ለእሱ ሲመልሱ እዩ። እሱ የተወውን ቦታ የሚሞላው የእናንተ ምርጫ ነው።
- ሴቭ መርሳት። የዓለም ካርታው ላይና የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ላይ ነው የሚቻለው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁና ሰማዩ ከጠቆረ ነጥቡን እንዳያችሁ ሴቭ አድርጉ። እኔ አንዴ መብራት ሄዶብኝ የሁለት ሰዓት ሥራ አጥቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሃይማኖተኛ ሆኛለሁ።

9. ስትጨርሱ እንደገና ጀምሩ

ካለቀ በኋላ «ኒው ጌም ፕላስ» የሚል ይከፈታል። ሌቭላችሁንና ዕቃችሁን ይዛችሁ ከእናትየው መጋረጃ ጀምራችሁ ትጫወታላችሁ። ጌሙ ከ10 በላይ ፍጻሜዎች አሉት። የትኛው እንደሚወጣ የሚወሰነው የመጨረሻውን ጠላት ታሪኩ የት ሲደርስ እንዳሸነፋችሁት ነው።

ባዛሩ ላይ፣ የሉካ ማሽን ያለበት ቦታ ሂዱ። በስተቀኝ ያለው ማሽን ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ ስትጫወቱ እዚያ አልነበረም። ከገባችሁበት በቀጥታ ከመጨረሻው ጠላት ፊት ትቆማላችሁ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይዛችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ያገኛችሁትን ምርጥ የጦር ዕቃ አስቀድማችሁ አልብሷቸው። ከባድ ነው፣ ስትሸነፉ አትደንግጡ።

ካሸነፋችሁ የሚመጣው ፍጻሜ ሠሪዎቹ ራሳቸው ገጸ ባህሪ ሆነው የሚታዩበት ነው። አንድ በአንድ እየዞራችሁ አነጋግሯቸው። ማንንም አትዝለሉ።